ዝላያችሁን ጻፉልን፦ ለቀድሞ አየር ወለዶች ግልጽ ደብዳቤ

ለቀድሞ የአየር ወለድ አባላት፣
ለልጆቻችሁና ለልጅ ልጆቻችሁ፣
የቢሾፍቱን ታሪክ የመጠበቅ ኃላፊነት ላለባችሁ ቢሮዎችም ሁሉ

የተከበራችሁ አባቶቼና ታላላቆቼ፣

እንደምን ከረማችሁ? ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከቦስተን ነው። ዕድሜዬ 70 ሞልቷል። ወታደር ሆኜ አላውቅም። አባቴ ግን ከእናንተ አንዱ ነበር። ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው። ቢሾፍቱ መባሏን አውቃለሁ፤ አፌ ግን አሁንም ደብረ ዘይት ይላል፤ ይቅር በሉኝ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ዝላያችሁን ጻፉልን። እጃችሁ ለመጻፍ የደከመ እንደሆነ ተናገሩና ልጆቻችሁ ይጻፉት። ጦርነቱንና ፖለቲካውን አይደለም የምለው፤ እሱን የሚጽፉ አሉ። እኔ የምለው ዝላዩን ነው። በሩ ላይ ቆማችሁ የታያችሁን። ጃንጥላው ሲከፈት የሰማችሁትን። የወደቃችሁበትን ሜዳ፣ አጠገባችሁ የወደቀውን ጓድ።

ለምን አሁን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ።

ባለፈው ነሐሴ ኦሬንጅ ሄጄ ነበር። ኦሬንጅ በማሳቹሴትስ ግዛት በስተሰሜን ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከቦስተን ሩት 2ን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብትነዱ ትደርሳላችሁ። በድሮ ዘመን የምትታወቀው በልብስ ስፌት መኪና ነበር፤ ኒው ሆም የሚባለው መኪና ይሠራ የነበረው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ዣክ አንድሬ ኢስቴል የሚባል፣ ፓሪስ የተወለደ ሰው ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ አየር ማረፊያዋ ላይ የፓራሹት ማዕከል ከፈተ። አሜሪካ ውስጥ ከፍሎ ለሚመጣ ለማንም ሰው የተከፈተ የመጀመሪያው የስፖርት ዝላይ ማዕከል እሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ጃንጥላ የወታደር ነገር ነበር፤ ካልሆነም የአውሮፕላን ትርኢት ላይ የሚታይ ነገር። ኢስቴል ግን ጤነኛ ሰው ሁሉ ጥቂት ሰዓት ሠልጥኖ መዝለል ይችላል ብሎ ተነሣ። በ3 ዓመቱ፣ በ1962፣ የዓለም የፓራሹት ሻምፒዮና እዚያችው ኦሬንጅ ተካሄደ።

እኔም የመጀመሪያ ዝላዬን የዘለልኩት እዚያ ነው።

ነሐሴ ላይ የተሰበሰብነው ፈረንጆቹ 60ዎቹና 70ዎቹ በሚሉት ዘመን የዘለልን ሰዎች ነን። ከ20 አንበልጥም። ታጣፊ ወንበራችንን ይዘን ከማኮብኮቢያው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሁለቱ በከዘራ ነው የመጡት። አንዱን ደግሞ ልጁ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋችው። ወጣቶቹ ዘላዮች ከላይ እንደ አሞራ እየዞሩ ይወርዳሉ። እኛ አንገታችንን ቀና አድርገን እያየን እናወራለን።

እንዴት እንደሚያወሩ ብታዩ! እኛ ሀበሾች ስንገናኝ "የየት አገር ሰው ነህ?" እንደምንባባለው፣ እነሱ "የመጀመሪያህ ከምን ላይ ነበር?" ነው የሚባባሉት። አውሮፕላኑን ማለታቸው ነው። አንዱ ሴስና ይላል። አንዱ ትዊን ቢች ይላል። አንዱ ኖርስማን ካለ ሁሉም ዞር ብለው ያዩታል፤ የካናዳ አሮጌ አውሮፕላን ናት፤ ከእሷ ላይ የዘለለ ሰው እንደ ታላቅ ይከበራል። ከዚያ ጫማው ይነሣል። ከዚያ ጃንጥላው።

የያኔው ጃንጥላ ከጦሩ መጋዘን የተረፈ ነበር። ክብ ናይሎን፣ ስፋቱ 28 ጫማ። አብራሪዎች አደጋ ሲመጣባቸው እንዲያመልጡበት የተሠራ ነው። ዘላዮቹ ከኋላ በኩል ጨርቁን ቀደው ቀዳዳ ያወጡለታል። አየሩ በቀዳዳው ሲወጣ ጃንጥላውን ወደፊት ይገፋዋል። በግራና በቀኝ ካለው ገመድ አንዱን ስትስብ ይዞራል። መጠባበቂያው ደረት ላይ ነው የሚታሰረው፤ ስትራመድ ሆድህ ላይ እንደታዘለ ሕፃን ነው።

ወደ ሜዳው ለመውረድ ነፋሱን ማወቅ ነበረብን። ዛሬ ጂፒኤስ አለ፣ አረንጓዴ መብራት አለ። ያኔ ወረቀት ነበር። ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ያለው፣ ረጅም፣ ደማቅ ቀለም ያለው የክሬፕ ወረቀት። አሠልጣኙ ልክ ከዒላማው በላይ ሲደርስ ወረቀቱን ይለቀዋል። ወረቀቱ የሚወርደው ሰው በጃንጥላ በሚወርድበት ፍጥነት ነው። አውሮፕላኑ እየዞረ፣ ሁላችንም በበሩ አንገታችንን አውጥተን፣ ያቺ ቢጫ ክር የት እንደምታርፍ እናያለን። ከዒላማው በስተምሥራቅ 300 ሜትር ካረፈች፣ ከዒላማው በስተምዕራብ 300 ሜትር ላይ ጃንጥላህን ትከፍታለህ። ይኸው ነው። እናቶቻችን ጤፉን ከገለባው ለመለየት ነፋሱን እንደሚጠብቁት ነው፤ ዓይንና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

የድሮው ይሻል ነበር እያልኩ አይደለም። የድሮው እግር ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶሚና ጃልበርት የሚባል ሰው በአየር ተሞልቶ እንደ ክንፍ የሚንሳፈፍ ጨርቅ ፈለሰፈ፤ ዛሬ ሰማይ ላይ የምታዩት አራት ማዕዘን ጃንጥላ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። በ1991 ደግሞ ሳይፕረስ የሚባል መሣሪያ ከጀርመን መጣ። ዘላዩ ራሱን ቢስት እንኳ መጠባበቂያው በጊዜው ይከፈትለታል። እሰየው ነው። ስንቱን ያዳነ ነው።

ወሬው ደርቶ ሳለ አንዱ "ኤሪ" አለ። ሁሉም ዝም አሉ። ባርኔጣ ያደረጉት አወለቁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 27 ቀን 1967፣ 18 ዘላዮች ኦሃዮ ውስጥ ከቢ-25 አውሮፕላን ላይ ከደመና በላይ ሆነው ዘለሉ። መሬት ላይ ያለው የራዳር ተቆጣጣሪ ሌላ አውሮፕላን ከእነሱ ጋር አምታቶ፣ ሜዳችሁ ላይ ደርሳችኋል ብሏቸው ነበር። ከደመናው ሲወጡ ከሥራቸው ያገኙት የኤሪ ሐይቅን ነው። 16ቱ ሞቱ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ከሟቾቹ አንዱን በአካል የሚያውቀው ሰው እዚያው አጠገቤ ተቀምጧል። ስሙን ጠራ፤ ምን ዓይነት ሳቅ እንደነበረው ነገረን። ይህን ሁሉ ዘመን አልፎ የአንድ ወጣት ሳቅ ኦሬንጅ ሣር ላይ ተነሣ።

ከዚያ ያ ሰው ሎግ ቡኩን ከቦርሳው አወጣ። ሎግ ቡክ ማለት ዘላይ እያንዳንዱን ዝላዩን የሚመዘግብበት ደብተር ነው። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ አውሮፕላኑ፣ ከፍታው፣ ነፋሱ፣ ከዒላማው ምን ያህል እንደራቀ ይጻፋል፤ ያየው ሰው ይፈርምበታል። ሽፋኑ ላይ የቡና ስኒ የተወው ክብ ምልክት አለ። ገልጬ ቁጥር 4ን አነበብኩለት። "ሴስና፣ 2,800 ጫማ፣ ነፋስ ከምዕራብ፣ እግርህ ተበታትኗል፣ ወደ ታች አትይ።" ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። ያን ቀን ጠዋት ምን እንደበላ ነገረን። ከየትኛዋ ልጅ ጋር ተጣልቶ እንደመጣ ነገረን። አሠልጣኙ ምን ዓይነት ሲጋራ ያጨስ እንደነበር ነገረን። አንዲት መስመር ቀኑን ሙሉ መለሰችለት።

እዚያው ወንበሬ ላይ ሆኜ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ ስንት ጊዜ ዘለለ? ቁጥር 4 የት ነበር? ማን ፈረመለት?

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ቤት ካለ የሰፈሩን ልጆች ሁሉ ይሰበስበናል። ከግቢያችን ኋላ የድንጋይ ካብ ነበረች፤ ከእኔ ቁመት ትንሽ ታንሳለች። እዚያ ላይ ያሰልፈንና "እግር ግጠም!" ይላል። "ጉልበት ለስለስ! አገጭ ደረት ላይ! መሬቱን አትይ፣ ፊት ለፊት እይ!" ከዚያ "ዝለል!" እንዘላለን። በእግራችን ከቆምን ይቆጣል። "ማን ቁም አለህ? ውደቅ!" አወዳደቁን ራሱ ወድቆ ያሳየናል። መጀመሪያ የእግር ጣት ሥር፣ ከዚያ ባት፣ ከዚያ የጭን ጎን፣ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ ጀርባ። ያ ረጅም ሰውዬ እንደ ጆንያ ተጠቅልሎ ሲነሣ ልብሱ ላይ አቧራ እንጂ ምንም የለም። እናቶች ከየግቢያቸው "ኧረ ልጆቹን ልትሰባብራቸው ነው!" ይላሉ። እሱ ይስቃል። እኛ ጨዋታ መስሎን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1975፣ በግንቦት፣ ተማሪ ሆኜ ከጓደኞቼ ጋር ኦሬንጅ ሄድኩ። አገር ቤት ንጉሡ ወርደው ደርግ ገብቷል። የአባቴ ደብዳቤ መምጣት አቁሟል። ጭንቅ ላይ ነበርኩ፤ ለምን መዝለል እንዳማረኝ ያኔ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም።

ጠዋት ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ከእንጨት የተሠራ መድረክ ላይ ያወጣናል። በየተራ ዝለሉ ይለናል። ከእኔ በፊት የዘለሉት አንዱ በተረከዙ፣ አንዱ በእጁ፣ አንዱ በቂጡ አረፈ። ተራዬ ደረሰ። እግሬን ገጠምኩ። ምንም ሳላስብ ጎኔ ራሱ ዞረ፣ ጀርባዬ ራሱ ተንከባለለ። ተነሥቼ አቧራዬን አራገፍኩ። አሠልጣኙ ትኩር ብሎ አየኝና "እንደገና" አለ። እንደገና ዘለልኩ። "ይሄን የት ነው የተማርከው?" "አባቴ ነው ያስተማረኝ።" "አባትህ ዘላይ ነው?" "አዎ። አየር ወለድ ነው። ኢትዮጵያ።" ሰውዬው ሌሎቹን አሠልጣኞች ጠራ። "የዚህ ልጅ አባት ፓራትሩፐር ነው" አላቸው። አንድ በአንድ መጥተው ጨበጡኝ። በሕይወቴ አባቴ ማን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው፤ በሰው አገር፣ እንጨት መድረክ ሥር።

ከሰዓት ወጣን። ሴስናዋ በሯ ተነቅሏል። ስታቲክ ላይኑ፣ ማለትም ጃንጥላውን የሚከፍተው ገመድ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሯል። እግሬን ከጎማው በላይ ካለችው መርገጫ ላይ አሳረፍኩ፣ ክንፉን የያዘውን ብረት በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ነፋሱ ጉንጬን ወደ ጆሮዬ ገፋው። ከሥሬ 2,800 ጫማ ባዶ ነው። አሠልጣኙ ጭኔን መታ አደረገና "ሂድ!" አለኝ። ለቀቅኩ። በእንግሊዝኛ ቁጠሩ ተብለን ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ" ነው። ትከሻዬን ጠብቆ ያዘኝ። ቀና አልኩ። ጃንጥላው ሞልቷል።

ከዚያ ዝምታው። እናንተ ታውቁታላችሁ። የአውሮፕላኑ ድምፅ እየራቀ ይሄድና ሌላ ዓለም ይመጣል። ከታች ውሻ ሲጮህ ሰማሁ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። በስተደቡብ ኳቢን የሚባለው ትልቁ የውሃ ማጠራቀሚያ ያበራል። ለቦስተን ውሃ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አራት ከተሞች ተነቅለው ነው የተሠራው። እኔ ግን ሆራ ነው የመሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ለአንድ አፍታ ሆራ ሐይቅ ላይ ያለሁ መሰለኝ።

ስወርድ ፊቴን ወደ ነፋሱ ማዞር ሲገባኝ ጀርባዬን ሰጠሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። መሬቱ ሮጦ መጣ። አወዳደቁን አውቀው ነበር፤ ቀኝ ጉልበቴ ግን ሳይታጠፍ ቀረ። አሸዋው ላይ ጃንጥላው እየጎተተኝ ሳለ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። የአባቴ ጉልበት!

አባቴ በክረምት ጉልበቱን ያመው ነበር። ዝናብ ሊመጣ ሲል እናቴ ቅቤ ታሞቅለትና ታሸዋለች። "ያ ጃንጥላ ነው" ትላለች። እሱ ምንም አይልም። እኔ ጃንጥላ እንዴት ጉልበት ያሳምማል ብዬ ነው ያደግኩት።

ኋላ ላይ አስልቼ አየሁት። በክብ ጃንጥላ፣ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ቦታ መውረድ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ካብ ላይ እንደ መዝለል ነው። ኦሬንጅ እንዲያ ናት፤ ዝቅ ያለች ናት። ደብረ ዘይት ግን 1,900 ሜትር ላይ ነው ያለችው። እዚያ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ያው ጃንጥላ ያንኑ ሰው ይዞ በ10 በመቶ ገደማ ፈጥኖ ይወርዳል። ካቡ ከአንድ ሜትር ተኩል ወደ 1 ሜትር ከ80 ከፍ አለ ማለት ነው። ይህ መሣሪያና ጥይት ሳይጨመር ነው። አሜሪካኖቹ ጓደኞቼ ስለ ኦሬንጅ አሸዋ ለስላሳነት ሲያወሩ እኔ የማስበው እናንተን ነው። የማረፊያ ቡጢው በርትቶባችሁ ነው የዘለላችሁት። ይህን ማን ጻፈላችሁ?

የዚያኑ ሳምንት ለአባቴ ጻፍኩለት። ዘለልኩ አልኩት። ከብዙ ወር በኋላ መልስ መጣ። ስለ ቤተሰቡ ደህንነት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ፣ መጨረሻ ላይ "ጉልበትህን አደራ" ይላል። ስለ ዝላይ ከእሱ የቀረኝ ጽሑፍ ይኸው ነው። ሁለት ቃል። እሱ ሲያርፍ አገር መግባት አልቻልኩም፤ አፈር ሳላለብሰው ቀረሁ። ደረቱ ላይ ያደርጋት የነበረችው የዘላይ ክንፍ ምልክት በሰው በሰው መጥታ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ ናት።

አንዳንዶቻችሁ "እኛ ተራ ወታደሮች ነን፣ ምን የሚጻፍ አለን?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አባቴም እንዲሁ ይል ነበር። እስቲ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1930 ሁበርት ጁልያን የሚባል፣ ትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር አብራሪ ከኒው ዮርክ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ቀደም ሲል በ1923 ሃርለም ሰፈር ላይ በጃንጥላ ወርዶ ስሙ የገነነ ሰው ነው። አዲስ አበባም በጃንሆይ ፊት ከአውሮፕላን በጃንጥላ ወረደ። ደስ ብሏቸው ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ ሰጡት። ከንግሥ በዓሉ በፊት ደግሞ ንጉሡ የሚወዷትን አውሮፕላን ከሰከሰና ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። የዚያ ሰው ዝላይ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ የሚጽፍ ጋዜጣ ነበረውና። ይነገር፤ ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የወረደው እንግዳ እየታወሰ፣ ደጋግመው የወረዱት የአገሩ ልጆች በየቤታቸው ዝም ብለው ማለፋቸው ያንገበግበኛል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙ። የምታስታውሱትን ዝላይ ሁሉ በየራሱ መስመር አስፍሩ። ቀኑ ከጠፋባችሁ "መስከረም ነበር፣ አደይ አበባ ነበር" በሉ፤ ይበቃል። አውሮፕላኗ ሲ-47 ነበረች ወይስ ሲ-119? በሩ ላይ የመጀመሪያው ማን ነበር? ወደ ታች ስታዩ ምን ታያችሁ፣ ሆራ ነው ወይስ ባቦጋያ? በጃንሆይ ዘመን ከእስራኤል አሠልጣኞች የተማራችሁ፣ ስትቆጥሩ በምን ቋንቋ ነበር? ጃንጥላውን የሚያጥፈው ማን ነበር፣ ታምኑት ነበር? ስታርፉ ሊያያችሁ የሮጠ እረኛ ነበር? ዘልሎ ያልተመለሰ ጓድ ካለ ስሙን ጻፉ። ሳቁን ጻፉ።

ለልጆች ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ስልካችሁ መቅጃ አለው። በዓል ሲደርስ፣ ቡና ተፈልቶ አባታችሁ ዘና ሲል፣ ጠረጴዛው ላይ አድርጉትና ጠይቁ። "ስለ ውትድርና ንገረን" አትበሉ፤ ትልቅ ጥያቄ ሽማግሌን ዝም ያሰኛል። ትንሽ ነገር ጠይቁ። "ጫማው ስንት ቁጥር ነበር?" በሉ። "ያን ቀን ጠዋት ቁርስ ምን በላችሁ?" በሉ። ሌላው ራሱ ይከተላል፤ ኦሬንጅ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። እስራኤል ያላችሁ የቤተ እስራኤል ልጆችም፣ ከመካከላችሁ ቀይ ቦኔት አድርጎ በፓራትሩፐርነት የሚያገለግል ወጣት ካለ፣ የደብረ ዘይትን ዘላዮች ፈልጎ ያናግር። የሚግባቡበት ነገር አያጡም።

ለቢሮዎቹ የምለው አጭር ነው። ሐውልት አልጠየቅኩም። እነዚህ ሰዎች እግራቸው መራመድ ሳይተው አንድ ቀን ጥሯቸው። የዘለሉበትን ሜዳ ከሩቅም ቢሆን ያሳዩ፤ "እዚህ ነበር" ብለው በጣታቸው ይጠቁሙ። የጠቆሙበት ቦታ ላይ አንዲት ድንጋይ ይተከልና ምን እንደነበረ ይጻፍባት። ፎቶ ያላቸው ይዘው ይምጡ፤ ቅጂው ይቀመጥ። የኦሬንጅ ሰዎች የሰበሰባቸው ሀብት አይደለም። ታጣፊ ወንበርና ሣር ነው ያለን።

እኔ ደብተሩን ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ገጽ የአባቴ ነው። "ዝላይ ቁጥር 1። ቦታ፦ ደብረ ዘይት።" ከዚያ በታች አውሮፕላን፣ ከፍታ፣ ነፋስ፣ ምስክር ብዬ መስመር አስምሬ ባዶውን ትቼዋለሁ። ስሙን እዚህ አላወጣም፤ ስሙ በአደባባይ ሲጠራ የማይወድ ሰው ነበር። ጓደኞቹ ግን ረጅሙ ይሉት ነበር። አሥር አለቃ ነበር። ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ከካብ ላይ ያዘልል ነበር። ከእናንተ መካከል ከእሱ ፊት ወይም ከእሱ ኋላ ሆኖ ከበሩ የወጣ ካለ፣ እባካችሁ ነፋሱ ያን ቀን ከየት በኩል እንደነበር ንገሩኝ። ምስክር በሚለው መስመር ላይ የሚፈርመው እሱ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንድ አየር ወለድ ልጅ
ቦስተን